ደግነት ያበላሸው መጠይቅ

ሰኞ፣ ጥር 6፣ ከቀኑ 9፡00

ዛሬም ኢንተርኔት የለም። ድሮ ያወረድኳቸውን ጽሑፎች እየደጋገምኩ አነባለሁ። የማስተርስ ጥናቴ ሁለተኛው ምዕራፍ፦ ሰውን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማስተማር ምርምር ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ። መጀመሪያ ተመራማሪዎቹ የተከራከሩት ተራው ሰው ምን ይወቅ በሚለው ላይ ነው። ቀጥሎ ለሕፃናት ሳይቀር ትምህርት ተቀረጸ። ከዚያ መጠይቅ መጣ፤ ሰው ዕውቀቱን ራሱ የሚመዝንበት። ማሽኑ ድርሰት መጻፍ ሲጀምር ደግሞ ሁሉም ደንግጦ ስለ ማታለልና ስለ ኩረጃ መጻፍ ያዘ። እኔ ሐይቅ ከተማ ቁጭ ብዬ መብራት እጠብቃለሁ። ደክሞኛል፣ ማስታወሻዬ።

ረቡዕ፣ ጥር 8፣ ከምሳ በኋላ

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸውን ዕውቀት ራሳቸው የሚመዝኑበትን መጠይቅ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ሰበሰብኩ። ወደ ውጫሌ መንገዱ ስለተዘጋ የእኛዎቹ ብቻ ናቸው። ሁሉም ሞልተዋል፣ አንድም ባዶ የለም! አማካሪዬ ከደሴ ደወለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ውጤቱን በዚህ ሰሞን ካላስገባሁ ዘንድሮም አልመረቅም። ባለፈው ጦርነት አንዴ አቋርጫለሁ። እንደገና መጀመር የምችል አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ጥር 10፣ ረፋድ

ከተራ። ትምህርት የለም። መልሶቹን ኮምፒውተር ላይ ሳስገባ አንድ ነገር አላምር አለኝ። የፊዚክሱ ሰይድ፣ ሐሰተኛ ፎቶ በስልክ ሲመጣ ሁላችንም የምንሮጥበት ሰው፣ ከላይ እስከ ታች "አላውቅም"። የታሪኩ ጋሽ አበባው፣ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ የያዙት፣ ከላይ እስከ ታች "በሚገባ አውቃለሁ"። ምን ጉድ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 14፣ ከሰዓት

ጠየቅኋቸው። ሰይድ አፈረ። "ወላሂ፣ ዐዋቂ ነኝ ብዬ በገዛ እጄ ልጻፍ?" ጋሽ አበባው ደግሞ ተገረሙብኝ። "ስንት የለፋሽበትን ወረቀት አላውቅም ብዬ ላበላሽብሽ፣ የኔ ልጅ?" ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አንዱ ለትሕትናው፣ ሌላው ለእኔ ሲል ዋሸ፤ ሌሎቹስ? የቅርብ ጊዜዎቹ ጥናቶች እኮ ይህንኑ ይላሉ፦ ታውቃለህ ወይ አትበለው፣ ሥራ ስጠውና እይ። አንብቤዋለሁ። እዚሁ ተወልጄ አድጌ የራሴ ሰው እንዴት እንደሚመልስ አላሰብኩም። ተናደድኩ፣ በራሴ።

ረቡዕ፣ ጥር 15፣ ጠዋት

አማካሪዬ ደወለ። የሆነውን ነገርኩት። ቁጥሩ ያምራል፣ ማን ያየዋል፣ ላኪው አለኝ። ሰይድም አብሽሪ፣ የኔን እንደገና እሞላዋለሁ ይላል። የባሰ! አልልክም አልኩ። ለመምህራኑ ሁለት ሁለት ፎቶ አሳያለሁ፤ ማሽን የሠራው የቱ ነው፣ በምን ዐወቃችሁ እላለሁ። ያኔ ለእኔ ብሎ መልስ ማሳመር የለም። ዘንድሮ ግን አይደርስም። ይህን እንዳልኩት መስመሩ ተቋረጠ። ቀለል ብሎኛል። ፈርቻለሁም። እናቴ ለምርቃቴ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች። ማታ ስትመጣ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።