ለገነት የመረጥኩላት ቀይ ፍሬም

ሰኞ

ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ ገነት የወደቀችው ፍሬን አያያዝ ስላልቻለች ነው አልኩ። መምህራኑ በሙሉ ሰሙ። ማንም አላስገደደኝም። የሒሳቡ መምህር እንዴት እንደወደቀች ጠየቀኝ፤ አብሬያት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ መለስኩለት። በቃ።

እውነቱን እዚህ እንኳ ልጻፈው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ከደብረ ታቦር ከተማ በላይ፣ በባሕር ዛፉ መሀል ቁልቁል በሚወርደው የእግር መንገድ ሳይክል እየነዳን ነበር። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። አህያ የሚነዱ ሰዎች ሲመጡብን ቆምን። እሷ ፍሬኑን በደንብ ይዛ ነው የቆመችው። እግሯን ስታወርድ ግን ፍሬሙ፣ የሳይክሉ ዋና አካል፣ ከፍ ስላለባት መሬት አልደረሰላትም። ከነሳይክሉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ተገለበጠች። የግራ እጇ አንጓ ተሰንጥቆ በጀሶ ታስሯል።

ያን ትልቅ ፍሬም የመረጥኩላት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ብርቱካን ይዤ ገነት ቤት ሄድኩ። ከሐዋሳ ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች። እዚህ ዘመድ የላትም። ፀጉሯን እንኳ በአንድ እጇ መሥራት አቅቷት አከራይዋ ናቸው የጎነጎኑላት።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ እርስዎን አሳፈርኩዎት» አለችኝ።

ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ።

ባሕር ዳር አብረን የሄድን ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያገለገሉ ሳይክሎች ከሚሸጡበት ቦታ፣ ከፊት ብቻ ሞላ ያላቸው፣ ለኮረኮንችና ለእግር መንገድ የሚሆኑ ሁለት ሳይክሎች ነበሩ። ግራጫው አነስ ያለ፣ ቀዩ ትልቅ። ግራጫው ላይ ወጥታ ይሄ ይመቸኛል ብላ ነበር። ሻጩ ወደ እኔ ዞረ። እሷም «እሳቸው ያውቃሉ» አለችው። እኔም ትልቅ ፍሬም ቁልቁለት ላይ ይረጋጋል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እኔ የምችለው መንዳት ነው። ስለ ፍሬም ልክ የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። አላውቅም ማለት ግን ከበደኝ።

ልወጣ ስል ሳይክሉን እንድሸጥላት ለመነችኝ። ከእንግዲህ አልነዳም አለች።

ረቡዕ

ሳይክሉን እየገፋሁ ጋሽ ይማም ዘንድ ወሰድኩት። ገበያው አጠገብ ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ የወሰድኩት መሪው ስለተጣመመ ነው። እሳቸው መሪውን ትተው ፍሬሙን አዩ። የባለቤቷን ቁመት ጠየቁኝ። እጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ይኼን ማን መረጠላት?» አሉ።

«ባሕር ዳር ነው የገዛችው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ከውሸት ግን ይብሳል። «ለገንዘብ ብሎ ሰው የሚሰብር ነጋዴ!» ብለው ጋሽ ይማም ሻጩን ረገሙት። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አብሬ ረገምኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ወደ ጋሽ ይማም ተመለስኩ። የመረጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። እንዲህም አሉኝ፦

«አለማወቅ አያሳፍርም። ትናንት ያላጠፋ ሰው ስታስረግመኝ ነው ማፈር የነበረብህ።»

አፍሬ ነበር። አፌ ነው እንቢ ያለው።

ከዚያ አስተማሩኝ። ቁጭ ብዬ እንደ ተማሪ ጻፍኩ፦

– ጫማዋን አድርጋ ፍሬሙን በእግሮቿ መሀል አድርጋ ትቁም። በእሷና በላይኛው ብረት መሀል ቢያንስ አራት ጣት ይግባ። ለእግር መንገድ ከዚያም ቢበልጥ ጥሩ።
– ኮርቻው ላይ ተቀምጣ መሪውን ስትይዝ ክርኗ ትንሽ ይታጠፍ። ክንዷ ከተወጠረ ረዝሞባታል።
– መሪው የሚገባበት አንገት ሥር ብየዳውን ማየት። እዚያ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ መጠርጠር።
– የክብደት ነገር ኋላ ነው። ልኳ ከሆነ ከባዱም ይሻላል።
– ሙሉ ሳይክል አያስፈልጋትም። ያገለገለ ፍሬም ብቻውን በርካሽ ይገኛል፤ የቀዩን ጎማ ከተቀበለ የቀረውን ዕቃ እሳቸው ከቀዩ ያዛውሩላታል።

ለመማር ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያኔ ከመሄዳችን በፊት እሳቸውን ብጠይቅ ኖሮ!

ዓርብ

የባሰው ዛሬ መጣ። ገነት ለሴት ተማሪዎች የሳይክል ክበብ ለማቋቋም አመልክታ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች ተመዝግበዋል። ርእሰ መምህሩ ሻይ ሰዓት ላይ እንደማይፈቅዱ ተናገሩ። አስተማሪያቸው እንኳ ፍሬን መያዝ ካልቻለች ልጆቹን ማን ይጠብቃቸዋል አሉ። የእኔው ቃል ነው፤ ዞሮ እዚያ ደረሰ። ከጥግ አንዱ «ሴትና ሳይክል» ብሎ ሳቀ።

ተነሳሁ።

«ገነት ፍሬኗን ይዛ በደንብ ቆማ ነበር» አልኩ። «የወደቀችው እኔ ልኳ ያልሆነ ፍሬም ስለመረጥኩላት ነው። ሰኞ የነገርኳችሁ ውሸት ነው።»

የሒሳቡ መምህር ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ። ርእሰ መምህሩ እናየዋለን ብለው ወጡ። እሺ ይሁን እንቢ አልገባኝም።

ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ በቀጥታ ገነት ቤት ሄድኩ። ቁጭ በሉ አለችኝ፤ ቆሜ ነገርኳት፤ በልኳ ፍሬም ከተገኘ ጋሽ ይማም እንደሚያዛውሩላትም ጭምር። ስለ ፍሬሙ አልተቆጣችም፤ እንደሚተልቅባት እሷም ጠርጥራ፣ ግን እኔው አልቻልኩበትም ብላ ትታው ኖሯል። ስለ ሰኞው ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አምስት ቀን ሙሉ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ራሴን ስበላ» አለች። «እርስዎ እያወቁ። ብርቱካን እየላጡልኝ።»

በሩን ከፈተችልኝ። ወጣሁ።

ቅዳሜ

ማለዳ መልእክት ላከችልኝ። ፍሬም ልትፈልግ ባሕር ዳር ልትሄድ ነው፤ በአንድ እጇ መሸከም ስለማትችል መነኻሪያ እንድመጣ። ሰላምታ የለውም።

ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተጓዘች። መሀል መንገድ፣ ሐሙሲት ከተማ ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ የጋሽ ይማምን ትምህርት የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ኪሷ ከተተችው።

አራት ፍሬም አየን። አንዱ ጥቁር አሉሚኒየም፣ እንደ ብርሌ የሚያበራ። እኔን ቢሆን ወዲያው ያታልለኝ ነበር። እሷ ጎንበስ ብላ አንገቱ ሥር ያለውን አዲስ ቀለም በጥፍሯ ጫረችው፤ ከሥሩ ስንጥቅ ወጣ። ሁለተኛው ረዘመባት። ሦስተኛው ከጋሽ ይማም ዘንድ ይዤ የመጣሁትን የቀዩን ጎማ አይቀበልም። የቀረው አረንጓዴ የብረት ፍሬም ነው፤ ከባድ፣ ጭረት የበዛበት። በእግሮቿ መሀል አድርጋ ቆመች። አራት ጣቷን አስገባች፤ ተርፎ ገባ። ጎማውን ለካን፣ ልክ ነው። ሻጩ የቱን እንደምንወስድ እኔን ጠየቀኝ። ወደ እሷ ዞርኩ።

«እኔን ጠይቀኝ» አለችው።

አረንጓዴውን ወሰደች። እኔ ተሸከምኩ። ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር ገብተን ለጋሽ ይማም አስረከብናቸው፤ ጀሶው እስኪፈታ ሳይክሉ ተገጣጥሞ ይጠብቃታል።

ልንለያይ ስንል ስለ ክበቡ አነሳች። «ሰኞ ርእሰ መምህሩ ዘንድ እንገባለን» አለችኝ። «እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ።»

ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለመጠየቅ አፈርኩ። ግን «እንገባለን» ነው ያለችው።