ከፍታ 4.20

ሰኞ፣ ሰኔ 9። ጠዋት።

ጉም። ከአፍንጫዬ ወዲያ አይታየኝም። ቀዩን ባንዲራ ትቼ በፊሽካና በጩኸት ነው የማስቆመው። ጉሮሮዬ ቆስሏል። ደግነቱ ደብተሬ፣ አንተን ለማናገር ድምፅ አያስፈልግም።

ዋናው መንገድ ከተናደ ወዲህ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ሁሉ በአሮጌው መንገድ፣ በዚያ ዝቅተኛ ዋሻ ውስጥ ነው የሚያልፈው። እኔ ከዋሻው በላይ፣ መታጠፊያው ላይ ተገትሬያለሁ። በዋሻው ጣሪያ ልክ ገመድ ተዘርግቷል፤ ቆርቆሮ ተንጠልጥሎበታል። ቆርቆሮውን የነካ ይቆማል፣ ጭነቱን ይቀንሳል። ሥራዬ ይኸው። በዚህ ገደል፣ በዚያ ገደል፣ መሃል እኔ።

ደምሴ ዛሬም አለፈ። ታናሽ ወንድሜ፣ የጋሽ መኳንንት መኪና ረዳት። ጆንያው ላይ ተቀምጦ። ጋቢናው ለተሳፋሪ ነው ይላል። ቆርቆሮውን በእጁ እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ አለፈ፤ ሳቀብኝም። መኪናው ያልፋል፣ ጆንያው ያልፋል። የተቀመጠ ሰው ግን አያልፍም። ዋሻው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ማለት ይበቃል ይላሉ። በዚህ ጉም ዋሻው ጋ መድረሱን በምን ያውቃል?

ረቡዕ፣ ሰኔ 11። ከእራት በኋላ።

ደምሴን አስቆምኩት። ውረድና በእግርህ እለፍ አልኩት፣ ሰው ሁሉ እያየ። ወረደ።

ቤት ስንገባ ፈነዳ። የደባርቅ መናኸሪያ «እህቱ ከመኪና የምታወርደው» እያለ ይስቅበታል። ጋሽ መኳንንትም እህትህ ደግማ ካስቆመችን ሌላ መኪና ፈልግ ብለውታል። ሥራ ፈቶ ቤት ሲቀመጥ አይቼዋለሁ፤ ከሰው ዓይን ይሸሽ ነበር። ባስቆመው እንጀራውን ላሳጣው ነው። ባላስቆመው... አልጽፈውም።

አለቃዬን ሌላ ሰው ተካልኝ አልኩት። የሚተካ የለም አለ። እናታችን ከዳባት ደውላ ወንድምሽን አደራ አለችኝ። አደራው ምን እንደሆነ ብታውቅ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13።

ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም። ጋሽ መኳንንት ጎማ ሊቀይሩ እኔ ጋ ቆሙ። ደፍሬ ጠየቅኳቸው፤ ጽሑፉን እያዩ ከላይ ሰው ጭነው ለምን ያልፋሉ? የቱን ጽሑፍ አሉ። ከዋሻው በፊት ያለውን ሰሌዳ አሳየኋቸው፤ ከፍታ 4.20 ሜ.። ሳቁ።

«አይ ልጄ፣ ይኼ የቱሪስት አይደለም እንዴ? ደግሞስ ሊማሊሞ አራት ሺህ መቼ ገባና! ራስ ዳሸን መሰላቸው?»

ክው አልኩ። እኛ አገር ከፍታ የሚባለው የተራራ ነው እንጂ የዋሻ ጣሪያ አይደለም። ከቡይት ራስ ወዲያ፣ ፓርኩ ውስጥ የሚያዩት ሰሌዳ ከፍታ ይላል፤ የዋሻውንም እንደዚያው አራት ሺህ ሁለት መቶ ብለው አንብበውታል። የተሳሳተ ቁጥር ጻፉ እያሉ ሲስቁ ከርመዋል። እኔ ደግሞ ያለ ምክንያት ሰው የማስቆም ነገረኛ ሆኜ። ደምሴን ጠየቅኩት፣ እሱም። ፈረንጅ ፎቶ እንዲነሣበት የተተከለ ነበር የመሰለው።

ለመንገዱ ኢንጂነር ደውዬ ነገርኩት። ሳቀ፣ ግን ልክ ነሽ አለኝ። አዲስ ሰሌዳ ከጎንደር ይታዘዛል፤ እስኪመጣ እንደ ጀመርሽው ቀጥዪ። እንደ ጀመርኩት! ለእሱ ቀላል ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 15።

አልጠብቅም ብዬ ቀለም ለመንኩ። በጽሑፌ ሹፌሩን አላናገርኩም፤ እሱ ጋቢና ውስጥ ነው፣ ምን ቸገረው። ከቁጥሩ በታች ጻፍኩ፦ «ጭነት ላይ ያለህ ሰው ውረድ። ዋሻው ራስህን ይመታል።» ፊደሌ ተንጋዷል። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17። ከሰዓት።

ጠዋት ጤፍ የጫነ መኪና መጣ። ከላይ የነበሩት ሰዎች አነበቡና ሳልናገር ወረዱ።

ቀጥሎ የጋሽ መኳንንት። ደምሴ ከላይ። አንብቧል፣ አይቼዋለሁ። አልወረደም። አሁን ያስቀመጠው አለማወቅ አይደለም። የእህቱ ጽሑፍ አወረደው እንዳይባል ነው።

መንገዱ መሃል ገባሁ። በሕግ አምላክ አልኩ። ጋሽ መኳንንት ፍሬን ያዙ። በሕግ አምላክ የተባለ አያልፍም፣ እሳቸውም የድሮ ሰው ናቸው። ግን ተቆጥተዋል። ደምሴ ዘሎ ወረደ፣ ፊቱን ሳያሳየኝ ጉሙ ውስጥ ገባ። ጋሽ መኳንንት በመስኮት ብቅ ብለው ወንድምሽን ውሰጂው፣ ከነገ ጀምሮ ሌላ ረዳት አለኝ አሉኝ።

እንጀራውን ዘጋሁበት። በገዛ እጄ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19።

አላናገረኝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚበላው። እናቴ ሰምታለች። ምን አደረግሽው አለችኝ። ያደረግሁትን ነገርኳት። አለቀሰች፤ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

ጎረቤት ነው የነገረኝ፤ ደምሴ ሌላ መኪና አግኝቷል፣ ነገ ይጀምራል። እህቱ መንገድ ላይ እንዳለች ለሹፌሩ አልነገረውም አሉ።

ያም መኪና በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ጭነት ላይ ተቀምጦ ካየሁት አስቆመዋለሁ። እንደገናም ቢባረር፣ ዕድሜ ልኩን ባያናግረኝም። አኩርፎ ይኑር። ብቻ ይኑር።