ከውሃ ታንከሩ ጫፍ ላይ ለሚታየው ግድብ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመዝናኛ ስፍራዎች መረጣና ደረጃ ምደባ መምሪያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም የዓይንዎ ጤና፣ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ በመምሪያዎ የአስተያየት ሣጥን ውስጥ መክተት ሲገባኝ በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። ሣጥኑን በአካል ቀርቤ አይቼዋለሁ፤ ቁልፉ ከጠፋ ዓመት እንዳለፈው ጸሐፊዎ በደግነት ነግራኛለች፤ በቀዳዳውም በኩል ሸረሪት ቤቷን ሠርታ ስላገኘኋት የሰው ትዳር ማፍረስ አልፈለግሁም።

ማን እንደሆንኩ በአጭሩ ልናገር። ሠላሳ አንድ ዓመት በመሬት ቀያሽነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት መቀሷን እዚያው አጠገቧ አስቀምጣ ትፈልገው ጀመር። እኔም ሳቅሁባት፤ ለዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። የዓይን ሐኪሟ እይታዋ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ መሆኑን፣ መድኃኒቱም ቢያዘገየው እንጂ እንደማያስቀረው ነገረን። አሁን ዓለምን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። ከሐኪሙ ዘንድ ስንወጣ አላለቀሰችም። ፀሐይ ከውሃ ላይ ስትወጣ አንድ ጊዜ እስክትጠግብ አይታ መሸምደድ እንደምትፈልግ፣ ከዚያ በኋላ ጨለማው ሲመጣ ባዶ እጇን እንዳያገኛት፣ ይህን ብቻ ነገረችኝ። በአርባ ዓመት ትዳራችን ለራሷ ብላ የጠየቀችኝ ነገር ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ይዤ ወንበሮቹን ነቃቀልኩና አልጋ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል ገጠምኩባት። ባለቤቴ ለስድስቱ መስኮቶች ሰማያዊ መጋረጃ ሰፋችላት፣ ጎረቤቶቻችንም ‹ቀፎዋ› የሚል ስም አወጡላት። ወዴት እንሂድ ሲባል ደግሞ መመሪያችን የእርስዎ መጽሐፍ ሆነ። «ዓይን የሚያጠግቡ አርባ ማረፊያዎች» የሚለውንና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «እያንዳንዱን ስፍራ በዓይኔ አይቼ መርጫለሁ» ብለው የፈረሙበትን ማለቴ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ተዘርግቶ ከረመ። እኔ ጽሑፉን አነባለሁ፣ እሷ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ፎቶግራፉን ጥግ ከጥግ ታስሳለች፣ እኔ ውሃው በምሥራቅ በኩል መሆኑን በካርታ አረጋግጣለሁ። ከአርባው ሦስት መረጥን። ያን ሳምንት ደስተኞች ነበርን፤ ለዚህ እንኳ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ምስጋናዎች ግን እንደዚያ አይደሉም።

አንደኛ፦ ይህ በገጽ አሥራ ሁለት «የሐይቅ ዳር ፀጥታ» ብለው አምስት ኮከብ የሰጡትን ስፍራ ይመለከታል። ሐይቁ በእርግጥ አለ፤ ድምፁን ሰምተናል። በሐይቁና በእኛ መካከል ግን መምሪያዎ ያቆመው፣ ስምንት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተገትሯል፤ በሰሌዳውም ላይ የዚያው ሐይቅ ፎቶግራፍ «እዚህ ቆመው ይመልከቱ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ታትሟል። ፈቀቅ ብለን እንዳናይ በግራ የአውቶቡስ ማጠቢያው አጥር፣ በቀኝ የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ያዘን። ጎብኚ ሐይቁን እያየ እንዳይደክም በሐይቁ ፎቶግራፍ መሸፈን ከእርስዎ በቀር ለማንም ያልታየ ጥበብ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በሰሌዳው አናት ላይ ብቅ ስትል ባለቤቴ መጋረጃውን እንድዘጋው ጠየቀችኝ። ከዚህስ የእኔ ስፌት ይሻላል አለች።

ሁለተኛ፦ በገጽ አሥራ ዘጠኝ ያለው «የሰማይ በረንዳ» ነው። በፎቶግራፉ ላይ ከገደሉ ሥር ያለው ግድብ እንደተወለወለ መስታወት ተንጣሎ ይታያል። እኛ ደርሰን ያየነው ግን ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ደን ነበር። ተሳስተን ሌላ ቦታ የገባን መስሎኝ መጽሐፉን ለዘበኛው አሳየሁት። እሱም፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ካየው በኋላ፣ «አይ አባባ፣ ይሄ እኮ ከታንከሩ ላይ ሆኖ የተነሳ ነው፤ ከታች ምን ይታያል ብለው ነው?» አለኝ። ፎቶግራፍ አንሺው ብቻውን መጥቶ የውሃ ታንከሩ ላይ ወጥቶ አንስቶ እንደሄደ፣ እርስዎ ግን ረግጠውት እንደማያውቁ፣ በሌሎቹም ስፍራዎች ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ይህንኑ እንደሚያወሩ አጫወተኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላልና ሄደው ስለማያውቁት ስፍራ አልወቅስዎትም። ቀያሽ ነኝና ታንከሩን ለካሁት። ስድስት ሜትር ከአርባ ነው። በላዩ የቆመ ሰው ዓይን ሲጨመርበት ስምንት ሜትር ይመጣል። ያኔ ነው መምሪያዎ ደረጃ የሚመድበው ዓይኑ ከመሬት ስምንት ሜትር ላይ ለተፈጠረ ጎብኚ መሆኑ የገባኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የደብዳቤዬ ነገር ያለው እዚህ ነውና። ባለቤቴ የዘበኛውን ወሬ ሰምታ ጫማዋን አወለቀችና የታንከሩን መሰላል ያዘች። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። እግሯ የሚያርፍበትን ብረት አታየውም። ተይ ብላት፣ ብለምናት፣ አልሰማ አለችኝ። እኔ ከታች ሆኜ ቁርጭምጭሚቷን እየያዝኩ በየብረቱ ላይ እያኖርኩላት አምስት ደረጃ ወጣች። ስድስተኛው ዝጎ ተቆርጧል። እዚያው ቆማ ጥቂት ካየች በኋላ፣ በቃኝ፣ አየሁት፣ እንዴት ያምራል መሰለህ፣ ብላኝ ወረደች።

ክቡር ሆይ፣ ግድቡ ያለው በምሥራቅ ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤቴ አንገቷን ያዞረችው ግን ወደ ምዕራብ ነበር። ታይቷት ከሆነ የታያት የዚያ ስፍራ መጸዳጃ ቤት ጣሪያ ነው። ዕድሜዬን አቅጣጫ ስለካ የኖርኩ ሰው በዚህ አልሳሳትም። እኔ እንዳላዝን ብላ ዋሸችኝ፤ እኔም እሷ እንዳታዝን ያመንኩ መሰልኩ፤ ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ ስላላየነው ውሃ ውበት እየተጫወትን ተጓዝን። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሰጡን እርስዎ ነዎት። ለዚህ ስጦታዎ ያለኝ ምስጋና መቃብሬ ድረስ አብሮኝ የሚዘልቅ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሦስተኛ፦ ሦስተኛውን ስፍራ በመንገዳችን ላይ ሞክረነው ነበር፤ በሩ ተቆልፎ «ለደረጃ ምደባ ጉብኝት ለጊዜው ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበት አገኘነው። በአካባቢው ጠይቄ እንደተረዳሁት ሰሌዳው ከተሰቀለ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጎብኚው ባለሥልጣን ስላልመጡ የሚያወርደው አልተገኘም። እስካሁን ማንም ያልገባበት ይህ ስፍራ በመጽሐፍዎ ውስጥ አምስት ኮከብ አለው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ለካ የመምሪያዎ የሥራ መመሪያ ኖሯል።

አራተኛ፦ ይህን ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ጽፌ አመልክቼ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በማኅተም የታጀበ አንድ መስመር መልስ ደረሰኝ። «እይታውን የማየት ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የጎብኚው ነው» ይላል። ባለቤቴ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ስለተሳናት ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ በጣም አዝነዋል፣ አልኳት። ጨዋ ሰው ናቸው አለች። በቤታችን ውስጥ ስለ እርስዎ እንዲህ የሚያስብ እስከ ዛሬም አንድ ሰው አለ፣ እኔም አላስቀይማትም። ይህን ደብዳቤ አንብባ እንደማታውቅብኝ ሳስበው ግን ቁጣዬ ይብስብኛል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ዕለት የአሮጌ ሣጥኔን ክዳን ከፈትኩ። የቅየሳ ማስታወሻዎቼን አንድም አልጣልኩም፤ ባለቤቴ ስንት ጊዜ ልታቃጥላቸው ነበር። በወጣትነቴ ለሕዝብ ማረፊያ ብዬ የቀየስኩት «ንጋት ማያ» የሚባል ኮረብታ ነበር፤ ሠላሳ ሜትር በአርባ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ከእግሩ ሥር ሐይቅ የተኛበት፣ በአራት ማዕዘኑ አራት የወሰን ድንጋይ በገዛ እጄ የተከልኩበት። በመጽሐፍዎ አሮጌ እትም ገጽ አንድ ላይ ነበረ። በአዲሱ እትም የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ከመጽሐፍ ላይ ምን አስወጣው ብዬ ሄድኩ።

ክቡር ሆይ፣ ቪላዎ በጣም ያምራል። አጥሩም፣ ሣሩም፣ በረንዳውም። የሕዝቡን ማረፊያ ምንም ሳያስተርፉ በግቢዎ ውስጥ አስገብተውታል። በፍርግርጉ በር በኩል አጮልቄ ሳይ አራተኛው የወሰን ድንጋዬ እንደተተከለ ቆሞ አገኘሁት፤ አናቱ ላይ የአበባ ሸክላ አስቀምጠውበታል። ድንጋዩን ነቅለው ቢጥሉት ኖሮ ማስረጃዬ የሽማግሌ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ለአበባ መቀመጫ ይመቻል ብለው ማቆየትዎ ልግስናዎን ያሳያል። በዚያ በር ላይ ቆሜ እስከዚያ ቀን ያልገባኝ ነገር ገባኝ። እርስዎ ያማረ እይታ መምረጥ ያውቁበታል። ምርጡን በዓይንዎ አይተው መርጠዋል፣ ከዚያም ለራስዎ አስቀርተውታል። ለእኛ የላኩልን ታንከሩን ነው።

እኔ ስድብ አላውቅም፤ መለካት አውቃለሁ። የድሮውን ፕላን፣ የማስታወሻዬን ገጽና የአበባ ሸክላዎን ፎቶግራፍ (ከመሬት ቆሜ ያነሳሁትን) ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አቀረብኩ። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ሦስት ጊዜ ፋይሉ ጠፋ ተባልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ቅጂ ከኮቴ ኪስ አወጣሁ። ውሳኔው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። አጥሩ እንዲነሳ፣ ስፍራው ለሕዝብ እንዲመለስ፣ ልኬቱንም በሕይወት ያለው የመጀመሪያው ቀያሽ እንዲያረጋግጥ ይላል። ስለሆነም የፊታችን ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሜትሬንና ቀይ ቀለሜን ይዤ በግቢዎ እገኛለሁ። በረንዳዎ ከወሰኑ ሁለት ሜትር ከሰባ ያልፋል፤ ወንበሮቹን ከወዲሁ ቢያነሱ ይረዳናል።

ከዚህም ሌላ የእርስዎን አርአያ ተከትዬ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቻለሁ። እንደ ቀፎዋ ያለች የጉዞ መኪና ያላቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ባለቤቶች እጅ ገብታለች። በገጽ አንድ ላይ «ንጋት ማያ» አለ። ኮከብ አልሰጠሁትም፤ ኮከብ በእርስዎ እጅ ረክሷል። «ከመሬት ቆሞ ይታያል፣ መሰላል አያስፈልግም፣ ጎረቤቱ የደረጃ ምደባ ኃላፊ ስለሆኑ ቅሬታ ያለው በሩን ማንኳኳት ይችላል» ብያለሁ። ብዙዎቹ ከሰኞ ጀምረው እንደሚመጡ ጽፈውልኛል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኛል። በበቀል መደሰት ለሽማግሌ አይገባም የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ተስማምቶኛል፤ የምግብ ፍላጎቴ ሳይቀር ተመልሷል።

መልካም ጤንነት፣ ረጅም ዕድሜና አጭር አጥር እየተመኘሁ፣

ዓይኑ ከመሬት አንድ ሜትር ከስልሳ ብቻ ከፍ ያለ፣ የማየት ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ የተቀበለ ትሑት ጎብኚዎ፣
ጡረተኛው ቀያሽ

ግልባጭ፦
ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ የጉዞ መኪና ባለቤቶች
ለ«ሰማይ በረንዳ» ዘበኛ፣ ከምስጋና ጋር

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ዓይኗ እስከ ሰኞ መጠበቁን ስላላመንኩት፣ ዛሬ ማለዳ ባለቤቴን ይዤ ቀፎዋን ከበርዎ ፊት ለፊት በመንገዱ ዳር አቆምኳት። በፍርግርጉ መካከል ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ባለቤቴ ሰማያዊ መጋረጃዋን ገለጠችና ወደ ምሥራቅ፣ በትክክል ወደ ምሥራቅ፣ ዞረች። ፀሐይዋ ከውሃው ላይ ጫፏን ስታወጣ እርስዎ ካባ ቢጤ ደርበው ስኒ ይዘው ወጡና በረንዳው መሃል ቆሙ። እኚህ ሰው ማናቸው አለችኝ። ቦታ የመረጡልን ኃላፊ ናቸው አልኳት። ይቅርታ የጠየቁት? ብላ ደስ አላትና እጇን አውለበለበችልዎ፤ እርስዎ አልመለሱላትም። እስከ ሰኞ በየማለዳው እንመጣለን። እባክዎ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ይበሉልን፤ በቀራት ትንሽ ክብ ውስጥ ፀሐይዋና እርስዎ አብራችሁ አትገቡም።