የስፌት መኪናዋ የወጣ ዕለት

አብሮ አደጌ፣

ጥር 12፦ ያረፍኩበት ቤት ጎረቤት የሆነችውን ልብስ ሰፊ ሴት ባሏ ደበደባት፤ ሴት ልጇን ይዛ አንዲት የሰፈሩ ልብስ አጣቢ ቤት ተጠጋች። ጥር 13፦ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። ጥር 14፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፦ የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር አሥራ አንድ አባላት የስፌት መኪናዋን ሊያመጡላት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ሌላ መተዳደሪያ ስለሌላት፣ መኪናው እዚያ ከቀረ እሷም ተመልሳ እንደምትገባ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ባልየው በሩ ላይ ቆሞ፣ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፤ እናንተን ደግሞ ማን ጠራችሁ?» አለ።

«ጩኸቷ ነዋ!» አለችው አጣቢዋ። «አይዞህ ወንድምዓለም፣ አንተን አንሸከምም፤ መኪናውን ብቻ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ሆኖም አንድ በአንድ ካያቸው በኋላ ከበሩ ዞር አለ። አራቱ መኪናውን ከነጠረጴዛው አወጡ፣ አንዷ የልጅቷን ደብተሮች ለቃቀመች፣ የቀሩት በሩን ይዘው ቆሙ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

እዚያ እኛ ግቢ ግን እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰማ ሬዲዮ ከፍ ይደረጋል። እውነቱን ለመመዝገብ ያህል፣ እኔም ከፍ አድርጌ አውቃለሁ።

ፖስታ ካርዱ እየሞላብኝ ነው። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም እንደዚሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ በሦስቱም ቀናት ከሴቶቹ አንዷም «ምን ብለሽው ነው የመታሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም።