በጣት የማውቃቸው ሸክላዎች

ሰኞ፣ የካቲት 4

ሻይ ጠጣሁ። አቧራ ጠረግሁ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ የሙዚቃ ሸክላ... ማን ያነሳቸዋል?

ቤቱ ይፈርሳል ተብሏል። በምትኩ የሚሰጠኝ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ናት። ሸክላዎቹ ከገቡ እኔ ደረጃው ላይ ነው የማድረው።

ጎረቤቴ ጽጌማርያም፣ ጡረታ የወጣች ታይፒስት፣ “በስልክ እንሽጣቸው ጋሼ” አለች። ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ለጠፈች። ይሄንንም ደብተር የምትጽፈው እሷ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለሰው ዓይኔ ደከመ ነው የምለው። ላትናገር ምላልኛለች። ውቤ በረሃ ሠላሳ ዓመት ቡና ቤት ውስጥ ሸክላ ሳጫውት ያልታወቀብኝ፣ አሁን በእርጅናዬ ሉልሰገድ መሃይም ነው ልባል?

ያኔ በምን ትለያቸው ነበር ለሚል... መሃሉ ላይ ያለችውን ወረቀት በሚስማር እጭራለሁ። አንድ ጭረት ትዝታ። ሁለት ጭረት ጭፈራ። ቀዳዳ ካለው የውጭ ነው። በጨለማም አወጣለሁ።

ጽጌማርያምን ሽፋኑን ፎቶ አንሺ፣ ሸክላውን ግን እንዳትነኪ አልኳት። ከእኔ እጅ ሌላ ነክቶት አያውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ዋጋው ተጽፏል። ሰውየው ምን ይጠይቃል? “ዋጋ?” ሌላው ደግሞ “የመጨረሻ?” ይላል፣ የመጀመሪያውን ሳያይ። ፊደል የቆጠሩት እነዚህ ናቸው እንግዲህ።

አንዷ፣ ሁዳ የምትባል፣ ካፌ ልትከፍት ነው። አርባ ሸክላ ፈለገች። ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው። “የተሰበረም ቢሆን ችግር የለውም አባባ።”

የድስት ክዳን ስቀዪበት በያት አልኩ። ጽጌማርያም “እናመሰግናለን፣ አይሆንም” ብላ ጻፈች። የእኔን አፍ የምታጥብ ጸሐፊ...

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

አንዱ ቴዎድሮስ አደባባይ እንገናኝ አለ። አራት ሰዓት። ሸክላውን ታቅፌ ቆምኩ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ደወልኩ። “መንገድ ላይ ነኝ አባቴ።” ስድስት ሰዓት። “ደርሻለሁ፣ ቀይ ሸሚዝ ለብሻለሁ።” ቀይ ሸሚዝ የለበሰውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ የታክሲ ረዳት ሆኖ ተገኘ። “ሸክላውን ይዘህ ግባ ፋዘር፣ ሜክሲኮ ነን” አለኝ።

የቀጠረኝ ሰውዬ ስልኩን ዘጋ። ለእኔ ሳይሆን ለእናቱ አዘንኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ሙኒር የሚባል፣ መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው ሦስት ሸክላ አዘዘ። አልተከራከረም። እኔ ቀብር ሄጄ ስለነበር ጽጌማርያም ሽፋኑን አንብባ፣ ከነሽፋኑ አውጥታ፣ በሞተር ልካለታለች። እንደ ሰው የሚገዛ ሰውም አለ ለካ።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ሙኒር ሸክላዎቹን በለጠፍንበት ቻናል ላይ ጽፏል። ጽጌማርያም ስታነብልኝ ድምጿ እያነሰ ሄደ።

“ጮክ በይ።”

“‘ሽማግሌው አጭበርባሪ ነው። ሽፋኑ ማሲንቆ ይላል፣ ውስጡ የጣልያንኛ ትምህርት ነው። ሦስቱም እንደዚያው። ተጠንቀቁ።’”

ሽፋን ሲቀደድብኝ ሸክላውን ባገኘሁት ሽፋን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሽፋን ልብስ ነው፣ እኔ የማውቀው ገላውን ነው። ላዩ ላይ ምን እንደተጻፈ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። እሷ ሽፋኑን አነበበች፣ ሸክላውን እንዳትነካ የከለከልኳት እኔ። ጥፋቱ የማን ነው?

የእኔ። ጻፊው፣ ምን ታዪኛለሽ።

እሑድ፣ የካቲት 17

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየጠዋቱ የምንቀመጥበት ካፌ ገባሁ። ወርቅ ሠሪው አባይነህ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ፣ ገና ሳልቀመጥ “ሉሌ፣ ጣልያንኛ ማስተማር ጀመርክ አሉ” አለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ፒያሳ ላይ አጭበርባሪ ከተባልክ እስከ ቀብርህ ይከተልሃል። አውቃለሁ፣ ለስንቱ ስም አውጥቼ ያስከተልኩ እኔ ነኝ።

ጽጌማርያም፦ “እኔ ነኝ የቀላቀልኩት ልበል ጋሼ?”

ሴት ጀርባ ልደበቅ? እኔ?

ታዲያ ምን ልሁን? አጭበርባሪ ወይስ መሃይም? ምነው ሦስተኛ አጣሁ...

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ሙኒር ካፌው ድረስ ሸክላዎቹን ይዞ ይምጣ ብዬ አስጻፍኩ። መጣ። ወፍራም፣ ላብ በላብ።

“አባት፣ ጭቅጭቅ አልፈልግም። ገንዘቤን ይመልሱልኝና...”

“ቁጭ በል።”

አባይነህም ሌሎቹም አሉ። ዓይኔን በሻሼ አሰርኩ። ከካርቶኑ ያሻህን ስጠኝ አልኩት። ያመጣውንም፣ እኔ ከቤት ያስመጣሁትንም እያደባለቀ ሰጠኝ። ይሄ የጣልያንኛው ነው። ይሄ ትዝታ ነው፣ ጠርዙ ተፍቋል። ይሄ ማሲንቆው ነው፣ አንተ የፈለግከው። ጽጌማርያም መሃሉን እያነበበች “ልክ ነው” ትላለች። አሥራ አምስት ስደርስ ሙኒር አስቆመኝ።

“ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ሽፋኑን እንዴት ይሳሳታሉ? ተጽፎበታል እኮ።”

“ማንበብ አልችልም።”

ቃሏ ወጣች። ሻሹን አልፈታሁም። የማንን ፊት ልይ?

“ዓይንህን የሸፈንከው ይህን ልትነግረን ነው?” አለ አባይነህ።

“ታውቁ ነበር?”

“ጋዜጣውን በየጠዋቱ ጮክ ብዬ የማነበው ለማን ይመስልሃል? ለአስተናጋጇ?”

እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ይህ ሰው እንደ አዋጅ ነጋሪ ምን ያስጮኸዋል እያልኩ ስንቀው...

ዛሬ ሌላ አላስጽፍም።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ሙኒር እዚያው ቻናሉ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ያለውን በሙሉ እወስዳለሁ አለ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ አልሰጥም አልኩት። “አባቴ ያጫውት ነበር፣ እኔም አጫውታለሁ” አለ። የአባቱን ስም ጠየቅሁት፤ የማውቀው ሰው አይደለም። ግን ሳይቆጣ መለሰልኝ።

ሁለት ቀን ሽፋን ከሸክላ አገናኘን። እኔ እዳስሳለሁ፣ ጽጌማርያም ታነባለች። አሁን ንኪ አልኳት። በጠርዙ ነው የያዘችው። ማንም አላስተማራትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

አራተኛ ፎቅ። ሊፍት አለ ይላሉ፣ እኔ አላየሁትም። ለጽጌማርያም ሁለተኛው ፎቅ ደርሷት ደብተሩን ይዛ ወጥታለች፣ እያለከለከች። ከዚህ ፒያሳ ሁለት ታክሲ ነው።

ጠዋት አባይነህ ጋ ደወልኩ።

“ጋዜጣው ወጥቷል?”

“ወጥቷል።”

“አንብብልኝ።”

አነበበልኝ። አነባበቡ ዛሬም አያምርም። ይቸኩላል፣ ያጠረ ሲመስለው ይዘላል።

“ተመለስ” አልኩት። “የዘለልከውን አንብብ።”