እንዳታስተረጉሚልኝ

ልጄ ምኞት፣ የሊዮን ሰው ሁሉ በእናት ዓይን ይይሽ። እኛ ደህና ነን። ሰፈራችንን አመሩድን በረዶው አልለቀቃትም፤ የአባትሽ ጉንፋን ግን ለቆታል።

ጥለሽው የሄድሽውን የፈረንሳይኛ ደብተር አገኘሁት። «መናገር» የሚለው ግስ ሥሩ «ፓርል» ነው ብለሽ አስምረሽበታል፤ ሲነበብ ግን «ፓር-ሎን፣ ፓር-ሌ» እየተባለ ይከፈላል። ብሪን ሰፈር ያለውን ቢሮ ሳጸዳ እንደ ፊደል ቆጠራ በዜማ እለዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ኤማ ትስቅብኛለች፤ ትሳቅ!

ገና በስምንት ዓመትሽ የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ ቢሮ እያስተረጎምሽልኝ፣ ለልጅ የማይነገር ስንቱን ሰማሽ። ለፋሲካ መጥቼ ከእጮኛሽ እናት ጋር ስቀመጥ ግን እንዳታስተረጉሚልኝ። ብተባተብም ተይኝ፣ ራሴ ላውራ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ልጄ ብቻ ሁኚ።

እመብርሃን ከፊትሽ ትቅደም።

እናትሽ ዓለምጸሐይ