ዓይን ሲዞር የሚደበዝዝ ስክሪን

ሰኞ፣ ጥር 5
የሕንፃው የኤሌክትሪክ መስመር እየተቀየረ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀን ቀን መብራት የለም። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ባትሪው ሦስት ሰዓት አይሞላም። የመመረቂያ ጽሑፏን እስከ ዓርብ ካላስገባች አንድ ዓመት ትጠብቃለች። «አጎቴ፣ እባክህ መላ በለኝ» አለች። ያለ አስተማሪ የለቃቀምኩት የኮምፒውተር እውቀት ዛሬ ካልጠቀመ መቼ?
ባትሪውን የሚጨርሰው የስክሪኑ ብርሃን ነው። ካሜራው ዓይኗን ይከታተል... ስታይ ይብራ፣ ዞር ስትል ይደብዝዝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ሠራ! ግን መነጽሬን ዓይን ብሎ ቆጠረው። እንቅልፍ ወስዶኝ እንኳ «እያየ ነው» ይላል።
«በአንተ ወጥቶ ነው» አለች፤ «ተኝተህም አልተኛሁም ትላለህ።»
አስተካከልኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 7
አንድ ሰዓት ሙሉ ተረፈ! ፕሮግራሙ የያዘውን መዝገብ ከፈትኩ። በጠዋቱ ብቻ ሰማንያ ሦስት ጊዜ ዞር ብላለች። ሁሉም ወደ ግራ።
«ምሁሯ፣ በግራ በኩል ምን አለ? ስልክ ነው ወይስ ጎረምሳ?»
ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።
«ስንት ገጽ ጻፍሽ?»
«ሁለት።»
«በዚህ አያያዝሽ እኔ ቀድሜሽ እመረቃለሁ።»
አልሳቀችም። ተነሥታ ወጣች።
ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ግራ ዞርኩ። ስልክ የለም። ገርበብ ያለ በር... በክፍተቱ የእህቴ አልጋ። ከዳሌዋ ቀዶ ሕክምና ወዲህ ብቻዋን እንዳትነሣ ተነግሯታል። ልጇን ላለማስቸገር ግን ድምፅ ሳታሰማ ትነሣለች። ባለፈው ሳምንት ወድቃለች።
ልጅቷ ትጠብቃት ነበር። እኔ ደግሞ ቀለድኩባት። ከመቀለዴ በፊት ብጠይቃት ምን ነበረበት?

ሐሙስ፣ ጥር 8
እህቴ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁት።
«ምን ልትሠራ መጣህ?»
«ላስቸግርሽ።»
«እሱንማ መቼ አቋርጠህ ታውቃለህ!»
ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ ልትነሣ ስትል ያዝኳት። ተኮሳተረች። ሦስተኛውን ጊዜ እጇን ራሷ ዘረጋችልኝ።
ከወዲያ የኪቦርድ ድምፅ አላቋረጠም።

ዓርብ፣ ጥር 9
ባትሪው ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ጥርግ አለ፤ እንደ ድሮው። የማይዞር ዓይን ምን ያስቆጥባል?
ልጅቷ ጽሑፉን ልካ መጣችና እናቷ እግር ሥር ጋደም አለች። «ፈጠራህ እኮ ምንም አልቆጠበም» አለችኝ።
«ምንም» አልኳት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!
ልወጣ ስል እህቴ ጠራችኝ።
«ነገስ ትመጣለህ?»
ይህች ሴት በሕይወቷ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።